ሃሞክ፣ አጎበርና ሸራ፦ የትኛው ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

ሃሞክ ላይ ማደር በፎቶ ሲታይ የሚያወዛግብ ነገር የለውም፤ ጨርቅ፣ ሁለት ማሰሪያና ሁለት ዛፍ ነው። ለመግዛት የተነሳ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ይደናገራል። የአንዱ አጎበር ከጨርቁ ጋር ተሰፍቶ የመጣ ነው። የሌላው በዚፕ ይገጠማል፣ ካላስፈለገም ይወልቃል። ሌላው ደግሞ ሃሞኩን ከነተኚው ዙሪያውን ይጠቀልለዋል። "ሽፋን" ተብሎ የሚሸጠውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዝናብ የሚመልስ አለ (ሸራ የምንለው ይህን ነው)፣ ነፋስ ብቻ የሚያግድ አለ፣ ዕቃው ሲጠቀለል ብቻ የሚያገለግልም አለ።

አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከአጎበሩ ነው፤ ቢምቢ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳስበዋልና። እኔ ከጀርባ ጀምሩ እላለሁ። ሌሊት ከጀርባችሁ ሥር የሚሆነው ነገር፣ ፍራሽም ይሁን ከውጭ የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ፣ የትኛው የሃሞክ ቅርጽ እንደሚመች ይወስናል። የትኛው አጎበር እንደሚሠራ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ጥሩ አጎበርና ጥሩ ብርድ ልብስ ተገዝተው ሁለቱ አብረው አልሄድ ይላሉ።

ከጀርባ ሥር ያለው አየር

ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ሙቀቱን መሬት ይስብበታል፤ ቢሆንም መሬት ባለበት ይቆያል። ሃሞክ ላይ ከጀርባ ሥር ያለው አየር ነው፣ አየሩም ያለማቋረጥ ይሄዳል። የሞቀው ይወሰዳል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ መግባት ይህን አይፈታውም። የስሊፒንግ ባግ ሙቀት የሚገኘው በላባው ወይም በሰው ሠራሽ ሙሌቱ መካከል ከታሰረው አየር ነው፤ ክብደታችሁ ሲጫነው ያ አየር ይወጣና ከጀርባችሁ ሥር የሚቀረው ስስ ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው ድንኳን ውስጥ ምንም የማይባል ሌሊት ሃሞክ ላይ የሚያንቀጠቅጠው። ብዙ ሰው ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ ጀርባው ላይ ብርድ ይሰማዋል፤ ነፋስ ካለ ከዚያም በፊት።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለድንኳን የምትጠቀሙበትን ፍራሽ፣ በአየር የሚነፋም ይሁን ስፖንጅ፣ ሃሞኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ርካሽ ነው፣ ዛፍ በጠፋ ጊዜም መሬት ላይ ያስተኛል። ችግሩ መንሸራተቱ ነው፤ ሌሊት ስትገላበጡ ከሥራችሁ ይወጣና በእንቅልፍ ልብ ስትፈልጉት ታድራላችሁ። ባለ ሁለት ድርብ ጨርቅ ሃሞክ የተሠራው በከፊል ለዚህ ነው፤ ፍራሹ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ይገባና ይያዛል።

ሁለተኛው የሥር ብርድ ልብስ ነው። ከሃሞኩ ውጭ፣ ከታች ተጠግቶ በላስቲክ ገመድ ይንጠለጠላል። ክብደት ስለማያርፍበት ሙሌቱ አይጨፈለቅም፣ አየሩንም እንደያዘ ያድራል። ምቾቱን የቀመሰ ሰው ወደ ፍራሽ መመለስ ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ መሬት ላይም አያገለግልም። በደንብ ካልተስተካከለ ደግሞ በእሱና በሃሞኩ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት ነፋስ ከገባ ባይኖር ይሻል ነበር ያሰኛል።

ሦስት የአተኛኘት ዓይነቶች

በገበያ ላይ በብዛት ያለው ሁለት ጫፉ ተሰብስቦ የሚታሰረው ሃሞክ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ በጣም የቆየ ነው፤ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሃማስ ሲደርስ የደሴቶቹ ሰዎች በጥጥ መረብ ላይ ሲተኙ አይቶ መዝግቧል። ይህን ሃሞክ የሚጠሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተኙበት በልኩ አይደለም። በመካከሉ ቀጥ ብሎ የተኛ ሰው ጀርባው ይጎብጣል፣ ጉልበቱም ወደ ኋላ ይለጠጣል። የሚተኛው ሰያፍ ነው፤ ጭንቅላት ከመካከለኛው መስመር ወደ አንድ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው ጎን ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጨርቁ ከሥር ይዘረጋና ሰውነት ሊስተካከል ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጠፍጠፍ ይላል። ሰያፍ ለመተኛት ደግሞ ርዝመት ያስፈልጋል። ለመዝናኛ የሚሸጡት አጫጭር ሃሞኮች ለአንድ ሰዓት ንባብ ጥሩ ናቸው፤ ለአዳር 3 ሜትር ዝቅተኛው ነው ብላችሁ ውሰዱት፣ ቁመታም ለሆነ ሰው 3.3 ሜትር ይሻላል። ስፋቱ ያን ያህል አያሳስብም። "ለሁለት ሰው" የሚባሉትም ቢሆኑ ለአዳር የአንድ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲተኙባቸው ሁለቱም ወደ መካከል ይንሸራተታሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቀጭን ገመድ ማውራት ግድ ይላል፤ ያለ እሱ አጎበሩም ምንም አይሠራምና። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በአናት በኩል የሚዘረጋውን ይህን ገመድ የአናት ገመድ እንበለው። ሥራው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሃሞኩን እርግብታ መወሰን ነው፤ ዛፎቹ ቢራራቁም ቢቀራረቡም ሁለቱ ጫፎች ሁልጊዜ በእኩል ርቀት ይቆያሉ። የተለመደው ልክ ከሃሞኩ ርዝመት 83 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 3.3 ሜትር የሆነ ሃሞክ የአናት ገመዱ 2.74 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚህ ተነስቶ ጥቂት ሴንቲሜትር ማሳጠር ወይም ማስረዘም የየሰው ምርጫ ነው። ሁለተኛው ሥራው አጎበሩን ከፊት ማራቅ ነው። የአናት ገመድ በሌለው ሃሞክ ላይ አጎበር ፊት ላይ ይተኛል፤ ቢምቢም ቆዳ የነካ አጎበርን አልፋ ትነድፋለች።

ማሰሪያው ከአግድሙ መስመር የሚሠራው ማዕዘን ደግሞ ለደኅንነት ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል። 30 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ማሰሪያ የሚሸከመው ከተኚው ክብደት ጋር እኩል ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በየጎኑ 80 ኪሎ። ማሰሪያው ተወጥሮ ማዕዘኑ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ በየጎኑ ያለው ውጥረት ወደ 230 ኪሎ ይደርሳል፣ 5 ዲግሪ ላይ ከ450 ኪሎ ያልፋል። ሃሞክን ጠፍጣፋ ላድርገው ብሎ አጥብቆ የሚወጥር ሰው ማሰሪያውን፣ ስፌቱንና ዛፉን በአንድ ጊዜ እየፈተነ ነው፤ ጠፍጣፋነቱንም አያገኘውም፣ ጠርዞቹ ብቻ ይወጠራሉ። ማዕዘኑን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተዘርግተው ቀጤ ማዕዘን ሲሠሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄደው ሰያፍ መስመር ለ30 ዲግሪ የቀረበ ነው። መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለትም የወንበር ከፍታ፣ ሲሆን ይበቃል። ማሰሪያው ዛፉን የሚያቅፍበት ክፍል ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ልጡን ይቆርጠዋል። ፖሊስተር ከናይለን ያነሰ ስለሚለጠጥ ሌሊት ዝቅ ዝቅ አይልባችሁም።

ሁለተኛው ዓይነት ድልድይ መሰሉ ነው። በሁለቱ ጫፍ ወይም ጫፎቹ አጠገብ በዘንግ ተወጥሮ ይሰፋል፣ ጨርቁም በሁለት ጎን ባሉ ጠርዞች ላይ ተንጠልጥሎ ይይዛል። ቀጥ ብሎ ይተኙበታል፣ በጎን ለሚተኛ ሰውም ይስማማል፣ ፍራሽም ሳይንሸራተት ያድራል። ዋርቦኔት ሪጅራነርና ላውሰን ብሉ ሪጅ የዚህ ወገን ናቸው፤ ሁለተኛው ባለ ቅስት ዘንጎች በመሆኑ ዛፍ ሲጠፋ መሬት ላይ እንደ ትንሽ ድንኳን ይቆማል። ዋጋ የሚያስከፍለው በክብደት ነው፤ ዘንጎቹን ተሸክሞ መሄድ ግድ ነው። ትከሻን ከሁለት ጎን የሚጫን ስሜትም አለው፣ ሰፋ ያለ ትከሻ ያለው ሰው ሳይሞክር ባይገዛ ይመረጣል።

ሦስተኛው በአግድም የሚተኙበት ነው፤ ተኚው የሚዘረጋው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሳይሆን ከሁለቱ ዛፎች መስመር ቀጥ ብሎ ተሻግሮ ነው። የኖርዌዩ አሞክ ድራውምር በዚህ ይታወቃል። ያለ ፍራሽ አይሠራም፤ ቅርጹን የሚሰጠው ራሱ ፍራሹ ነው። አጎበሩም ከነዚፑ አብሮ የተሰፋ ስለሆነ ምርጫው አንድ ጊዜ ያልቃል። በሆድ መተኛት የሚወድ ሰው ሌላ የሚያዋጣው ሃሞክ ብዙም የለም።

አጎበሩ

በመጀመሪያ ስለ ቀዳዳው። ለወባ መከላከያ የሚታደለው የተለመደ አጎበር በአንድ ካሬ ኢንች 156 ቀዳዳ ገደማ አለው፤ ቢምቢን ያቆማል፣ አየርም ያሳልፋል። ከቢምቢ የሚያንሱ ተናካሾች ግን፣ ለምሳሌ የአሸዋ ዝንብና እጅግ ትናንሾቹ ተናካሽ ትንኞች፣ በዚህ ማለፍ ይችላሉ። እነሱ ባሉበት አካባቢ የሚያድር ሰው የደቀቀ ቀዳዳ ያለው አጎበር ይፈልጋል። በካምፒንግ ሃሞኮች ላይ የሚሰፋው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የደቀቀው ነው። ጉዳቱ ነፋስን መቀነሱ ነው፤ በሞቃት እርጥብ ሌሊት ይታፈናል፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ግን ይኸው ጉዳት ጥቅም ይሆናል።

አጎበሩ ከሃሞኩ ጋር ሙሉ በሙሉ ተሰፍቶ በአንድ ጎን ዚፕ የሚከፈትበት ዓይነት ለጀማሪ ከሁሉም ቀላል ነው። ሃሞኩ ሲሰቀል አጎበሩም አብሮ ይሰቀላል፣ በጨለማ የሚፈለግ ነገር የለም። የሥር ብርድ ልብሱም ከውጭ ስለሚንጠለጠል ከአጎበሩ ጋር አይጋጭም። ዋርቦኔት ብላክበርድ በዚህ ወገን የታወቀ ነው፤ ለእግር በተለይ የተሰፋ ሰፋ ያለ ቦታና በጎን በኩል ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለው፣ ጎኖቹም በገመድ ወደ ውጭ ስለሚሳቡ አጎበሩ ከክንድ ይርቃል። ድክመቱ ነፍሳት በሌሉበት ወቅትም አጎበሩን መሸከማችሁ ነው። ተገልብጦ ወደ ጎን የሚታሰር አለ፤ ቢሆንም ክብደቱ የትም አይሄድም።

ዚፑ ዙሪያውን ሄዶ አጎበሩ ሙሉ በሙሉ የሚወልቅበት ደግሞ በወቅት የሚለዋወጥ ነው። በደችዌር ካሚልየን ላይ አጎበሩ ወልቆ በምትኩ የብርድ ጊዜ የላይ ልባስ፣ ማለትም ነፋስ የሚሰብር ስስ ጨርቅ፣ ይገጠማል። ዓመቱን ሙሉ ለሚወጣ ሰው ሐሳቡ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲገዙ የሚታየው ዚፑ ነው፤ ከሁለቱም ጎን የሚከፈት፣ ጨርቅ የማይነክስ፣ ጭነትም የማያርፍበት መሆን አለበት። አሸዋና ጭቃ የገባበት ዚፕ ቀስ በቀስ ጥርሱን ያጣል፤ በትንሽ ብሩሽ ማጽዳት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ክንዳችሁን ወደ ዚፑ ስትገፉ ከሰማችሁት ድምፅ ይልቅ ስፌቱን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው።

ከሥር የሚገባበትን ዓይነት ሄነሲ ሃሞክ የሚባለው ኩባንያ ታዋቂ አድርጎታል። ከታች በእግር በኩል ተሰንጥቆ ይቀራል፤ በመካከሉ ቆማችሁ ትቀመጣላችሁ፣ እግራችሁን ስትሰበስቡ ክብደታችሁ ስንጥቁን ይዘጋዋል፣ ቬልክሮውም ይያያዛል። የሚበላሽ ዚፕ የለም፣ ቢምቢ የሚገባበት ጊዜም አጭር ነው። ወደ ጀርባው ጉዳይ የምንመለሰው ግን እዚህ ነው። ከሥር የተዘረጋ ተራ የሥር ብርድ ልብስ መግቢያውን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ተሰንጥቆ የተሠራ ወይም ወደ ጎን የሚገፋ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ፍራሽ ይዞ መግባትም በመጠኑ ትግል አለው። ኩባንያው ራሱ በጎን ዚፕ ያላቸውን ሞዴሎች መሥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ተራ ሃሞክ ያለው ሰው የሚገዛቸው ለብቻቸው የሚሸጡ አጎበሮች አሉ። አንዱ ዙሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጠቀልለው ረጅም እጅጌ ነው። ሃሞኩ በውስጡ ያልፋል፣ በዚፕ ይገባበታል፣ ከሥርም ጭምር ይከላከላል። የሥር ብርድ ልብስ ካላችሁ ግን እሱም በእጅጌው ውስጥ መግባት አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ብርድ ልብሱን ይጨፈልቀዋል፣ ብርዱም ይመለሳል። ሌላው ከታች ክፍት ሆኖ ከአናት ገመዱ እስከ ሥር የሚወርድ፣ አፉ በገመድ የሚሰበሰብ ነው። ቀላል ነው፣ የሥር ብርድ ልብሱንም ያቅፋል፣ የሚበላሽ ዚፕም የለውም። ሲገቡ ግን ታች አፉን ከፍቶ፣ በውስጡ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ መልሶ መሰብሰብ ነው፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ለሽንት የሚነሳ ሰው ይሰለቸዋል። ራስንና ትከሻን ብቻ የሚሸፍን ግማሽ አጎበርም አለ። እሱ የሚበቃው የቀረው ሰውነት በወፍራም ብርድ ልብስ ሲሸፈን ነው፣ ሞቃት ሌሊት ላይ ግን ማንም እንደዚያ አይተኛም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የሃሞኩን ጨርቅ ራሱን ነው። ቢምቢ ሰውነት የተጫነውን ስስ ናይለን ወግታ ጀርባ ትነድፋለች። አጎበሩ ከላይ ብቻ ሲሆንና ከሥር ምንም ሳይኖር፣ ማለትም ልክ በሞቃት ሌሊት፣ ጠዋት ጀርባው ተነድፎ የሚነሳ ሰው አጎበሩን ይረግማል፤ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። ስለዚህ ሞቃትና ቢምቢ የሚበዛበት ቦታ ላይ ሁለት ድርብ ጨርቅ ወይም በሽመናው ጥብቅ የሆነ ጨርቅ ተመራጭ ነው። ስስ የሥር ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽም ይህንን ይከላከላል። የሃሞኩን የውጭ ጎን በፐርሜትሪን መንከርም ይቻላል፤ በጨርቅ ላይ የሚደረግ የነፍሳት መድኃኒት ነው፣ ቆዳ ላይ አይቀባም። እርጥብ ሳለ ለድመት አደገኛ ነው፣ ለዓሣና ለንብም መርዝ ነው፣ ስለዚህ ወንዝ ዳር አትንከሩ።

ከላይ የሚደረበው

የላይ ልባስ በአጎበሩ ቦታ የሚገጠም፣ አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ነው። ነፋስን ይሰብራል፣ በውስጡ ያለው አየርም ከውጭው ጥቂት ዲግሪ እንዲሞቅ ያደርጋል። ዝናብ አይከለክልም። ሰው ገዝቶት "ሸራ አያስፈልገኝም" ብሎ ሲወጣ ይታያል፤ ያ ሰው እርጥብ ሆኖ ያድራል። ልባሱ ውኃ የማያሳልፍ ቢሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት የሚሄድበት አጥቶ በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠል ይሆናል፣ በብርድ ጊዜም በረዶ ሆኖ ፊት ላይ ይረግፋል። በፊት አካባቢ መተንፈሻ መስኮት ያለውን ምረጡ፣ በማንኛውም ሌሊት መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። እዚያ ውስጥ ምድጃ መለኮስ የማይታሰብ ነው፤ ጭሱ ይገድላል፣ ናይለኑም በአንዲት ፍንጣሪ ይቀልጣል።

የሥር ልባስ የሚባለው ከሥር ብርድ ልብሱ ውጭ የሚንጠለጠል ስስ ጨርቅ ነው። ነፋስ የሚበዛበት ገላጣ ቦታ ላይ ወይም ዝናቡ ከመሬት እየፈናጠረ ሲመጣ ዋጋውን ያወጣል፣ ሌላ ጊዜ ቤት ይቅር። ዕቃው ሲጠቀለል የሚሸፍነው ረጅም እጅጌም "ሽፋን" ይባላል፤ ሃሞኩን ከነአጎበሩ መሬት ሳያስነኩ መሰብሰቢያ ነው። ደስ የሚል ምቾት ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ሸራው ግን ምቾት አይደለም። አጎበር ለወቅት ነው፣ ልባስ ለብርድ ነው፣ ዝናብ ግን በሁሉም ወቅት ይመጣል። ገንዘብ ሲያጥር ከሃሞኩ ላይ ቆርጣችሁ ወደ ሸራው ጨምሩ ብል አላጋነንኩም።

መጠኑ ከአናት ገመዱ ይነሳል፤ ሸራው በርዝመት ከሃሞኩ ሁለት ጫፎች ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር፣ ቢቻል 30፣ በየጎኑ ይለፍ። ለ3.3 ሜትር ሃሞክ ከ3.3 እስከ 3.6 ሜትር የሚሆን ሸራ የሚበቃውም ለዚህ ነው፤ ሲሰቀል ሃሞኩ ራሱ አጥሮ 2.74 ሜትር አካባቢ ይሆናልና። ባለ አራት ማዕዘኑ ሸራ በሰያፍ ሲሰቀል ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሁለት ካስማ ብቻ ይፈልጋል። ሆኖም ከተኚው ሰያፍ ጋር ካልተገጣጠመ ጭንቅላት ወይም እግር ይጋለጣል፣ ዝናብ ከጎን ሲመጣም ብዙ አይሸፍንም። ባለ ስድስት ጎን የሆነው፣ አራት ካስማ የሚፈልገው፣ ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው ነው። ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብለው ስለሚቆረጡ ሲወጠር ነፋስ አያርገፈግፈውም። የብርድ ጊዜው ሸራ በሁለቱ ጫፍ የሚታጠፉ በሮች አሉት፤ ነፋሱ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ይዘጋል። በሮቹን ወደ ውስጥ አጥፎ መያዝ ስለሚቻል በበጋም አይጎዳም፣ ይከብዳል እንጂ። ድልድይ መሰሉና በአግድም የሚተኙበት ሃሞክ ሰፋ ያለ ሸራ ይጠይቃሉ፤ ይህ ሲገዙ የማይነገር ተጨማሪ ወጪ ነው።

ጨርቁን በተመለከተ በሲሊኮን የተነከረ ናይለን ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ማታ የወጠራችሁት ሸራ ሌሊት ረግቦ ይገኛል፣ ሌሊት ተነስቶ እንደገና መወጠር ይመጣል። በሲሊኮን የተነከረ ፖሊስተር ይህ ጠባይ የለበትም፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ዳይኒማ የሚባለው ስስ ቁስ በጣም ቀላል ነው፣ ውኃም አይጠጣም፣ አይለጠጥም፤ ዋጋው ያስደነግጣል፣ በነፋስም ይንኮሻኮሻል። የውኃ መቋቋም ልኩ በሚሊሜትር ይጻፋል፤ 1500 እና ከዚያ በላይ ለአብዛኛው ዝናብ በቂ ነው።

አሰቃቀሉም ከጨርቁ ያልተናነሰ ነው። ሸራውን በሃሞኩ ማሰሪያ ላይ አትሰሩ፤ ስትተኙ ማሰሪያው ወደ ታች ስለሚሳብ ሸራው ይረግባል። የራሱ ገመድ በዛፎቹ ላይ ከሃሞኩ ማሰሪያ ከፍ ብሎ ይሂድ። ነፋስ ከመጣ ሸራው ዝቅ ብሎ ወደ አናት ገመዱ ይጠጋ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ያለው ጠርዝም ወደ መሬት ይውረድ። ዛፉን ተከትሎ የሚወርደው ውኃ በማሰሪያው ላይ ሄዶ ሃሞኩ ውስጥ እንዳይገባ ከሸራው ጥላ ሥር ባለው የማሰሪያ ክፍል ላይ አጭር የጥጥ ክር እሰሩ፤ ውኃው በክሩ ወርዶ ይንጠባጠባል። ዘለበት ወይም ካራቢነር (የብረት መንጠቆ) ባለበት ቦታ ውኃው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፣ ክሩ ግን ምንም ወጪ የለውም። ሸራውን ከመወጠር በፊት ደግሞ አናታችሁን ቀና አድርጉ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ያለበት ወይም የሞተ ዛፍ ሥር የተሰቀለን ሰው ምንም ሸራ አያድነውም።

ታዲያ የትኛውን?

ሞቃትና እርጥብ ቦታ ላይ ብቻ የሚያድር፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ የማይፈልግ ሰው ባለ ሁለት ድርብ ጨርቅ፣ አጎበሩ የተሰፋበት ሃሞክና ሰፊ ባለ ስድስት ጎን ሸራ ይበቃዋል። ከፍታና ብርድ ለሚወጣ ሰው ባለ አንድ ድርብ 3.3 ሜትር ሃሞክ፣ የሚወልቅ አጎበርና የሥር ብርድ ልብስ እመርጣለሁ፤ አጎበሩ ከላይ ብቻ ስለሚገጠም ብርድ ልብሱ በነፃነት ከውጭ ይንጠለጠላል። በሮች ያሉት ሸራም ይያዝ። ፍራሽ ያለው፣ አዲስ ብርድ ልብስ መግዛት የማይፈልግና በጎን የሚተኛ ሰው ደግሞ ድልድይ መሰሉን ወይም በአግድም የሚተኙበትን ይመልከት። ሦስቱም ሰዎች "ምርጡ ሃሞክ የቱ ነው?" ብለው ሲጠይቁ አንድ መልስ ቢሰጣቸው ሁለቱ ይጎዳሉ።

ተራ ሃሞክ ቀድሞ ያለው ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ርዝመቱን ይለካ። 3 ሜትር ከደረሰ መጀመሪያ የሚገዛው ሸራ ነው፣ ቀጥሎ ቀጭን የማይለጠጥ ገመድ ለአናት፣ ሦስተኛ ከሥር ክፍት የሆነው አጎበር፤ ይህኛው ወደፊት ከሚገዛው የሥር ብርድ ልብስ ጋርም ይሄዳል። ከ3 ሜትር ያነሰ ከሆነ ለቀን ማረፊያ ይተወው፤ ሸራውንና ማሰሪያዎቹን ግን ለሚቀጥለው ሃሞክ ያስቀምጣቸው፣ አያረጁበትም።